መለኪያ ያልተበጀለት

ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ ደግሞ በመለኪያ ይቀርባል። እያንዳንዱ መጠጥ የራሱ ዕቃ ስላለው ጠጪው የአልኮሉን መጠን ባያውቅም እንኳ ዕቃው ልኩን ይነግረዋል፤ ዳግም አረቄን በጠላ ጣሳ ሞልቶ የሚያቀርብ ቤት አላውቅም። እኔን ለሕመም የዳረገኝ ካናቢስ እንዲህ ያለ ዕቃ አልነበረውም። ስሙ በተማሪነቴ የማውቀው ስም ነበር፤ አሳሳቤም ያኔ የለመድኩት አሳሳብ ነበር፤ በውስጡ ያለው ግን በብዙ እጥፍ የጠነከረ ነገር ነበር። ይህን ሳላውቅ ያሳለፍኳቸው 10 ሳምንታት ከሥራዬ አፈናቅለው፣ እውነቱን ከቅዠቱ መለየት እስኪያቅተኝ አድርሰው፣ በመጨረሻ ሆስፒታል አስገብተውኛል። የሆነውን በዝርዝር የምጽፈው «ድሮም ሞክሬዋለሁ፣ ምንም አላደረገኝም» እያሉ ለሚዘናጉ ሰዎች፣ እንዲሁም ልጃቸው ወይም ወንድማቸው ሲለወጥባቸው እያዩ ምክንያቱ ለጠፋቸው ቤተሰቦች ነው።

በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖር ነበር፤ ሥራዬም በኮዬ ፈጬና በቂሊንጦ አካባቢ በሚሠሩ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ ነበር። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል፤ ቀኑ ነፋስና አቧራ ነው፣ ውኃው በፈረቃ ይመጣል፣ ሲመሽ ከመንገዱ ማዶ ጅብ ይጮኻል፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ ቅዳሜና እሑድን ድምፅ ሳያወጣ ሊያሳልፍ ይችላል። ይህን የምጠቅሰው ለማማኻኛ ሳይሆን፣ የእኔን መለወጥ ቶሎ የሚያይ ሰው በአጠገቤ እንዳልነበረ ለማስረዳት ነው።

ካናቢስን ያወቅሁት በ2002 ዓ.ም. በደቡብ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነበር። «ጋንጃ» እንለው የነበረው ነገር ቡናማ፣ የደረቀ፣ ግንዱና ፍሬው ከቅጠሉ የሚበልጥ ነበር፤ እሳት ሲነካው ፍሬው ጠሽ እያለ ይፈነዳል፣ ሸሚዝም ያቃጥላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአራት አንዷን ጥቅል እንቀባበላለን፣ እንስቃለን፣ የተገኘውን እንበላለን፣ እንተኛለን። እኔ በጥሩ ውጤት ተመረቅሁ። ከአራታችን አንዱ ግን በሦስተኛው ዓመት ታሞ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፤ ያኔ «ጥናት አዞረበት» ተባለ፣ እኛም አመንን። ዛሬ ሳስበው ያ ልጅ ለእኔ ማስጠንቀቂያ መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን ሰው ከአራት ጓደኛሞች ደኅና የሆኑትን ሦስቱን ቆጥሮ አንዱን መርሳት ይቀናዋል።

ከተመረቅሁ በኋላ ለ10 ዓመት ያህል አልነካሁትም። በ2014 ዓ.ም. የገና ሰሞን አሜሪካ የሚኖር የድሮ ጓደኛዬ መጥቶ አንድ ሳምንት እኔ ጋር አረፈ። ሲመለስ ብዕር የመሰለች በባትሪ የምትሠራ መሣሪያና ማር የሚመስል ወፍራም ዘይት የያዙ አራት ትናንሽ ካርትሪጆችን ተወልኝ፤ እያንዳንዷ ካርትሪጅ አንድ ግራም ትይዛለች። እሱ በሚኖርበት ግዛት በሱቅ የሚሸጥ ስለሆነ ነገሩን እንደ ስጦታ እንጂ እንደ ጥፋት አላየውም ነበር፤ እኔም ስቀበለው የታየኝ የዩኒቨርሲቲው ቅዳሜ ነው። ጭስ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሽታውም ወዲያው ይጠፋል፣ ክብሪት አይፈልግም፣ ጎረቤትም አያውቅም። አሁን እንደሚገባኝ የደበቀኝ ይኸው ምቾቱ ነበር።

በመጀመሪያው ማታ ልክ እንደ ድሮው በረጅሙ ሁለት ጊዜ ሳብኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልቤ ደረቴን ሰብሮ የሚወጣ እስኪመስለኝ ድረስ መታ፤ በሰዓት ስቆጥረው በደቂቃ ከ130 አለፈ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ተደግፌ «ዛሬ ልሞት ነው» እያልኩ ሦስት ሰዓት ያህል ቆየሁ። አስተዋይ ሰው ቢሆን በዚያው ያቆም ነበር። እኔ ግን በማግሥቱ ለራሴ የሰጠሁት ማብራሪያ «ከቆየሁ ነው፣ ሰውነቴ ረስቶታል፣ ይለምደዋል» የሚል ነበር። እውነትም ለመደው። በሁለተኛው ሳምንት ማታ ማታ፣ በአራተኛው ሳምንት ከሥራ መልስና ከመኝታ በፊት፣ በሰባተኛው ሳምንት ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት ጭምር እስብ ነበር። ልቤ እንደዚያ መምታቱን ሲተው ጉዳቱም የቀረ መሰለኝ፤ የቀረው ግን የሚያስጠነቅቀኝ ስሜት ብቻ ነበር።

ጉዳቱ መጀመሪያ የታየው በሥራዬ ላይ ነው። ቀያሽ ከፍታ ሲያወርድ ከፍታው ከታወቀ ነጥብ፣ ከቤንች ማርክ፣ ተነሥቶ፣ ሥራውን ዞሮ፣ መልሶ ወደዚያው ቤንች ማርክ ይዘጋል፤ ልዩነቱም በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። በየካቲት ወር በአንድ ቀን ሥራ ሰባት ሴንቲ ሜትር ሳትኩ። ደግሜ ስሠራ ደግሞ ሌላ ስሕተት መጣ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ በከፍታ መለኪያው መሣሪያ፣ በሌቭሉ፣ ያነበብኩትን ቁጥር መመዝገቢያ ደብተሩ፣ ፊልድ ቡኩ፣ ላይ እስክጽፍ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ እረሳው ነበር። የመለኪያ ዘንጉን የሚይዘውን ባለሚራውን ልጅ «አንቀጥቅጠኸዋል» ብዬ ተቆጣሁት። ልጁ «እሺ ኢንጂነር» ብሎ ዝም አለ፤ አሁን ድረስ ከማፍርባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ቀጥሎ እንቅልፌ ተበላሸ፤ ሳልስብ መተኛት አቃተኝ። ከዚያ ከሰው መሸሽ መጣ፤ የእኅቴን ስልክ አላነሣም፣ ሳሎኔን ዘግቼ እውላለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ነገሮች ሁሉ ትርጉም እየሰጡኝ መምጣታቸው ነበር። ይህን ያላየ ሰው እብደት ሲባል የሚታየው መጮኽና ልብስ መቅደድ ነው፤ የእኔ ግን እንደዚያ አልነበረም። ጸጥ ያለ፣ በጣም ሥርዓት ያለው፣ እንዲያውም ከወትሮው የተሳልኩ መስሎ የሚሰማኝ ሁኔታ ነበር። በመንገዱ ዳር በተተከሉት ችካሎች ላይ የቁረጣና የሙሌት መጠን በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ አብዛኞቹን የጻፍኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። አንድ ቀን የሦስት ችካሎችን የመጨረሻ ቁጥሮች ሳገጣጥም አባቴ ያረፈበትን ቀን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ችካሎቹ መልእክት እንደሆኑ፣ አንድ ሰው በሌሊት እየመጣ ቁጥሮቹን እንደሚለውጥ፣ ይህም ሰው ሥራዬን ብቻ ሳይሆን ሕይወቴን እንደሚፈልግ በፍጹም እርግጠኝነት አወቅሁ። «አመንሁ» ሳይሆን «አወቅሁ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ በሽታው ከውስጥ ሲታይ እንደ እምነት ሳይሆን እንደ እውቀት ነውና።

በመጋቢት ወር አንድ ሌሊት፣ በስምንት ሰዓት ገደማ፣ ወደ ሳይት ሄጄ ችካሎቹን መንቀል ጀመርሁ። የሌሊቱ ጥበቃ ስለሚያውቀኝ «ኢንጂነር፣ በሌሊት?» አለኝና ሥራ መስሎት ባትሪውን አበራልኝ። በእሱ ብርሃን 43 ችካል ነቅዬ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላሁ፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ወደ አራተኛ ፎቅ አወጣኋቸው። ጠዋት ግሬደሩ መጥቶ ሲቆም፣ ፎርማኑ ሲደውል፣ እኔ ስልኬን አጥፍቼ ችካሎቹን ወለሉ ላይ በተራ ደርድሬ ቁጥሮቹን እያነበብኩ ነበር።

ያዳኑኝ ከጎኔ የሚኖሩ እናት ናቸው። ለእኅቴ ደውለው «ልጄ፣ ወንድምሽ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ያወራል፣ ቤቱ ግን ሰው የለበትም፤ እባክሽ ድረሺ» አሏት። ታላቅ እኅቴ ከቃሊቲ መጥታ ችካሎቹን አየች፤ አልጮኸችም፣ አልተከራከረችኝም፣ «እውነትህን ነው» ብላም አላታለለችኝም። «ወንድሜ፣ እንቅልፍ እንዳልተኛህ አያለሁ፤ ፈርተሃል፤ አብሬህ ነኝ» ብቻ አለችኝ። ይህን ማንም አላስተማራትም። በኋላ ያከመችኝ ሐኪም እንደነገረችን ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነበር፤ የታመመውን ሰው ሐሳቡ ስሕተት መሆኑን ለማሳመን መሟገት ጥርጣሬውን ያጠነክርበታል፣ መስማማት ደግሞ ሐሳቡን ያጸናበታል፣ ስለ ፍርሃቱና ስለ እንቅልፉ ማውራት ግን በር ይከፍታል። በማግሥቱ ኮንትራት ሚኒባስ ይዛ፣ በሳሪስ በኩል አሳልፋ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

በከተማችን «አማኑኤል» የሚለው ስም ከሆስፒታል ይልቅ ለስድብ ይውላል፤ እኔም በተማሪነቴ ሰውን እንዲያ ብዬ ሰድቤአለሁ። በዚያ ያገኘሁት ግን ረጋ ያለ ምርመራ ነው። ሐኪሟ ጫት እቅም እንደሆነ፣ እጠጣ እንደሆነ፣ በቤተሰባችን ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛሁ ጠየቀችኝ። ጫት በካቲኖን ምክንያት ሲበዛ ራሱን የቻለ ጥርጣሬና ቅዠት ያመጣል፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር በመጠጥ ፋንታ ካናቢስ ስለሚያጨስ የአንዱን ጉዳት ከሌላው መለየት ያስቸግራል። እኔ ጫት ከያዝኩ ዓመታት አልፈውኛል። ስለ ካናቢስ ስትጠይቀኝ ግን «አልፎ አልፎ» ብዬ ዋሸሁ። ፍርሃቴ ሕጉ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ይከለክለዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን የተጠየቅሁት ስለ ጤናዬ ብቻ ነው። እኅቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ከቤቴ ያገኘቻትን ካርትሪጅ ከነማሸጊያዋ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሐኪሟ አንሥታ አነበበችው። ቲኤችሲ 84 በመቶ ይላል። ከ60 ቀን በላይ በእጄ ሲገባ ሲወጣ የነበረውን ጽሑፍ እኔ አንድ ቀን አላነበብኩትም፤ ለካ ልኩ ከማሸጊያው ላይ ነበር።

ያንን ቁጥር የተረዳሁት ከሳምንታት በኋላ፣ አእምሮዬ ሲመለስና እንደ ሙያዬ ማስላት ስጀምር ነው። ቲኤችሲ በካናቢስ ውስጥ የሚያሰክረው ዋነኛ ንጥረ ነገር ነው፤ ራፋኤል መሹላምና የሒኤል ጋኦኒ በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አወጡት። በአሜሪካ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ፣ ሕግ አስከባሪዎች የያዙትን ካናቢስ ለአሥርት ዓመታት ሲመረምር ቆይቷል፤ በዚያ ምርመራ አማካዩ የቲኤችሲ መጠን እ.ኤ.አ. በ1995 4 በመቶ ገደማ ነበር፣ በ2014 ደግሞ 12 በመቶ ገደማ ደርሷል። በዚያው ዘመን ሲቢዲ የሚባለውና የቲኤችሲን ጠባይ ያለዝባል ተብሎ የሚታሰበው ንጥረ ነገር እየሳሳ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ቲኤችሲ የሲቢዲ 14 እጥፍ ነበር፣ በ2014 80 እጥፍ ያህል ሆነ። ከተክሉ ተጨምቆ የሚወጣው ዘይት ደግሞ ከ60 እስከ 90 በመቶ ቲኤችሲ ሊይዝ ይችላል።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። አምራቾች ሴቴውን ተክል ከወንዴው ለይተው ያሳድጉታል፤ ያልተዳቀለችው አበባ ፍሬ ስለማታፈራ ጉልበቷን ቲኤችሲ ያለበትን ሙጫ በማመንጨት ላይ ታውለዋለች። በዩኒቨርሲቲ ሸሚዛችንን ያቃጥል የነበረው ፍሬ እንግዲህ የደካማነቱ ምልክት ኖሯል! በዚያ ላይ ጠንካራ ጠንካራውን ዘር እየመረጡ ማዳቀል፣ በቤት ውስጥ በመብራት ማሳደግ፣ በመጨረሻም ዘይቱን ለይቶ ማውጣት ተጨመረበት።

ስሌቴ እንዲህ ነው። የዩኒቨርሲቲው ጥቅል ግማሽ ግራም ቢሆንና ጥንካሬው እንደ 1995ቱ አማካይ 4 በመቶ ነበር ብንል 20 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ ይወጣዋል፤ ለአራት ሲካፈል በሳምንት ለአንድ ሰው አምስት ሚሊ ግራም ነው። አራቱ ካርትሪጆች ደግሞ በ84 በመቶ ሲሰሉ 3,360 ሚሊ ግራም ይይዛሉ፤ በ70 ቀን ስጨርሳቸው በቀን 48 ሚሊ ግራም ይሆናል። በየመንገዱ የሚባክነውን ሳልቀንስ፣ በአንድ ቀን የምወስደው የ10 ቅዳሜ ያህል ነበር ማለት ነው፤ ያም በየቀኑ፣ ያለ ዕረፍት። አረቄውን በጠላ ጣሳ፣ ያውም ከጠዋት ጀምሮ!

ጥንካሬው ለምን እንዲህ እንደሚጎዳ ያነበብኩት ከደረሰብኝ ጋር ገጠመልኝ። አንጎላችን አናንዳማይድ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የታወቀ የራሱ ንጥረ ነገር አለው፤ በሚፈለግበት ቦታ ጥቂት ይመነጫል፣ ሥራውን ጨርሶ ወዲያው ይፈርሳል። ቲኤችሲ አናንዳማይድ በሚገባበት በዚያው በር ይገባል፣ ግን ቶሎ አይወጣም፤ በሩ ደግሞ በብዛት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ አዲስ ነገር የምንይዝበት የአንጎል ክፍል ነው። በሌቭልና በፊልድ ቡክ መካከል ቁጥሩ የጠፋብኝ ለዚህ ነበር። በየቀኑ ሲጎርፍበት አንጎል በሮቹን ይቀንሳል፤ «ለመድኩት» ያልኩት ይህንኑ ነው። በጎ ዜናው፣ በየቀኑ ሲያጨሱ የነበሩ ሰዎችን አንጎል በምስል የመረመሩ ሐኪሞች ካቆሙ ከአራት ሳምንት ያህል በኋላ በሮቹ ወደ ቀድሞው እንደሚጠጉ ማየታቸው ነው።

ከአእምሮ ሕመም ጋር ያለው ዝምድና አዲስ ወሬ አይደለም። ከ45,000 በላይ የስዊድን ምልምል ወታደሮችን ለ15 ዓመት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው ጥናት፣ በምልመላው ጊዜ ካናቢስን ከ50 ጊዜ በላይ መጠቀማቸውን የተናገሩት ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ስድስት እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል፤ ያ እንግዲህ በደካማው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች የተካሄደ ጥናት ደግሞ ጥንካሬውን ለይቶ አየ፤ በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ከማይጠቀሙት ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ቲኤችሲው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን በየቀኑ የሚጠቀሙት ደግሞ አምስት እጥፍ ለሚጠጋ የሳይኮሲስ፣ ማለትም እንደ እኔ እውነቱን ከቅዠቱ የመለየት አቅም የማጣት፣ ዕድል የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ከሚያጨሱት ብዙዎቹ አይታመሙም፤ ይህንን መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ማን እንደሚታመም አስቀድሞ የሚነግር ምርመራ ግን የለም። በቤተሰብ ውስጥ ሕመሙ ያለበት፣ በአፍላ ዕድሜው የጀመረ፣ በየቀኑ የሚወስድ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። በእኔ ቤተሰብ እኔ የማውቀው ታማሚ የለም፤ ያም አላዳነኝም።

ሪስፔሪዶን የሚባል የሳይኮሲስ መድኃኒት ታዘዘልኝ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የችካሎቹ ነገር መልእክት መሆኑ ቀርቶ «ምናልባት» ሆነ፤ በአምስተኛው ሳምንት ቁጥር ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ እፎይታ ይሰማኛል ብዬ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ኀዘን ነው። ሰው ሁሉ ሲከታተለኝ ቢያንስ አስፈላጊ ሰው ነበርኩ። ካናቢሱን በማቆሜ ደግሞ ለብቻው የመጣ ሥቃይ አለ፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቁጣ፣ ላብ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ ሲመጣም በወራት ያልታየ ሕልም ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚታይ ይመስላል። የመጀመሪያው ሳምንት የከፋው ነው፣ በሁለተኛው ይቀላል፣ የእንቅልፉ ግን ወር ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ሳምንት «ይኸው፣ ያለሱ አልሆንልኝም» ብሎ ይመለሳል። አብሮ የሚኖር ሰው ይህንን ቢያውቅ ቁጣውን እንደ ንቀት አይቆጥረውም፤ እኅቴ አጥሚት እያፈላች፣ ማታ ማታ በእግር ይዛኝ እየወጣች፣ ስልኬን በእርሷ ዘንድ እያስቀመጠች አሳለፈችኝ።

ስለ ጸበልም መናገር አለብኝ። እናቴ ጸበል እንድጠመቅ ፈለገች፤ እኔም ሄድሁ፣ ሰላምም አገኘሁበት። በዚያ ግን አብሮኝ የሚጠመቅ ሰው «ክኒንና ጸበል አይገናኙም» ስላለኝ መድኃኒቱን አቆምሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጥርጣሬው ተመለሰ፤ በዚያው ሰሞን ከአንድ ጓደኛዬ ካናቢስ ሁለት ጊዜ ስቤ ነገሩን አባባስሁት። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ዘይትም አልነበረም፤ በዚያው ማታ ግን ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ለእኔ የተላከ ቃል መሰለኝ። አንዴ የታመመ አእምሮ ሁለተኛ ለመታመም ያን ያህል ብዙ አይፈልግም። የንስሐ አባቴ ይህንን ሲሰሙ «ልጄ፣ መድኃኒቱንም የፈጠረው እርሱ ነው፤ ክኒንህን ውጠህ ና» ብለው ገሠጹኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ፤ መድኃኒቱ ሲቀነስም የቀነሰችው ሐኪሟ ናት።

ሐኪሟ ክትትሉን የምታጠብቅበት ምክንያት ነበራት። በካናቢስ ምክንያት ሳይኮሲስ ከደረሰባቸው ሰዎች ከሦስት አንዱ ያህል ውሎ አድሮ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ሆነው እንደሚገኙ ጥናቶችን በአንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። «የካናቢስ ነው፣ ሲወጣለት ይተወዋል» የሚለው የዘመድ ማጽናኛ ለሁለቱ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ለሦስተኛው ግን አይሆንም፤ ሦስተኛው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ በቀጠሮ ብቻ ነው።

ከአእምሮ ውጭ ያለ አንድ ነገርም ልጨምር፣ እዚህ አገር «ጨጓራ ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ። በቀጠሮ ወረፋ ላይ ያገኘሁት ከውጭ የተመለሰ ወጣት ለዓመታት በየቀኑ ሲያጨስ ቆይቶ በየጊዜው ለቀናት የሚዘልቅ ትውከት ይዞት ነበር፤ የሚያስታግስለት በሙቅ ውኃ መታጠብ ብቻ ነው። ኢንዶስኮፒ ተነሥቶ፣ የጨጓራ መድኃኒት ውጦ አልተሻለውም። ይህ ሕመም በአውስትራሊያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 ተገልጿል፤ የሚድነውም ካናቢስን ሙሉ በሙሉ በማቆም ነው። የሚያስታውክና ከሙቅ ውኃ የማይለይ ልጅ ያላችሁ ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሩት።

ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ሁሉ «አልፎ አልፎ» ማለቱን ይተው። ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ቅጠል ወይስ ዘይት ወይስ የሚበላ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይናገር፤ ማሸጊያ ካለ ማሸጊያውን ይዞ ይሂድ። የሚበላው በተለይ ያታልላል፤ ለመሥራት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ስለሚወስድ ሰው «አልሠራም» ብሎ ይደግማል፣ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ላይ ይመጣሉ። ቤተሰብ ደግሞ ጩኸት አይጠብቅ። እንቅልፍ ማነሱን፣ ተራ ነገር «ለእኔ ነው የተባለው» ማለቱን፣ በር መዝጋቱን፣ ሥራው ላይ ያልነበረ ስሕተት ማብዛቱን ይመልከት። ራሴን አጠፋለሁ ወይም ሰው እጎዳለሁ ካለ ወይም ሁለት ሌሊት ካልተኛ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

አሁን የምኖረው ቃሊቲ እኅቴ ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነው። መድኃኒቱን ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ መጠኑ በግማሽ ቀንሷል፣ 11 ኪሎ ጨምሬአለሁ፣ ቀጠሮዬ በየሦስት ወሩ ነው። ያ ተቋራጭ ከሥራ አሰናብቶኛል፤ አልፈርድበትም። በሌላ ሳይት በረዳትነት ጀምሬ የቅየሳ መሣሪያውን፣ ቶታል ስቴሽኑን፣ መልሼ ይዣለሁ። የዚያን ዓመት ፊልድ ቡክ እኅቴ አስቀምጣልኝ ነበርና ባለፈው ክረምት ከየካቲት ጀምሮ ያለውን ገጽ በገጽ ደግሜ ሠራሁት። የየካቲት መጀመሪያ ሥራ በስድስት ሚሊ ሜትር ይዘጋል። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ያለው አይዘጋም፤ ከመጋቢት ደግሞ አራት ገጽ ሙሉ በእጄ ጽሕፈት፣ በንጹሕ አምድ የተደረደረ ቁጥር አለ፣ የየትኛው መንገድ እንደሆነ ግን እኔም አላውቀውም።